በአምስት ብሎን ወጥቼ በሦስት የቆምኩበት ቀን

መኪናዬ የ2006 ቢኤምደብሊው ዜድ4 ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ አፍንጫዋ ረጅም ነው። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በሌሊት ፈረቃ ዕቃ እየጫንኩ ባጠራቀምኩት ብር ነው የገዛኋት። ፎቶዋን ለእናቴ ስልክላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ሰው የት ነው የሚቀመጠው?" የሚል ነበር።

ወር ሳይሞላት አንድ ጓደኛዬ ከጎን ቆሞ አየት አደረጋትና "ይቺ ልጅ የታላቅ እህቷን ቀሚስ ነው እንዴ የለበሰችው?" አለ። ሳቅን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አልታየኝም። እውነቱን ነው፤ ፓራፋንጎዋ ወደ ውጭ ተነፍቷል፣ ጎማዋ ደግሞ ከስሩ ገብቶ ተደብቋል። ቆማ ሳያት ትከሻዋ ሰፊ፣ እግሯ ቀጭን ሆነችብኝ። ሌሊት ከሥራ ስወጣ ሳይቀር ፓርኪንግ ላይ ዞር ብዬ ኋላዋን አያለሁ። በሽታው የያዘው ያውቀዋል።

መፍትሄው ስፔሰር ነው ተባልኩ። በሞዞውና (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) በቸርኬው መካከል የሚገባ የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ መኪናው ሰፋ ብሎ ይቆማል። አዲስ ቸርኬ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ሂሳቡም ቀላል ነው። የእኔ ቸርኬ ላይ "ኢቲ 47" የሚል ተጽፎበታል። ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወገብ 47 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብሏል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። 20 ሚሊ ስፔሰር ስታስገቡ 47ቱ 27 ይሆናል። በአንድ ጎን 20 ከሆነ ግራና ቀኙ ተደምሮ 40 ሚሊ ነው። አራት ሴንቲ ሜትር! ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

እንግዲህ ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። ኢንተርኔት ላይ በጣም ርካሹን ፈልጌ አራት ስፔሰር ከነብሎኑ አዘዝኩ። ለብዙ ዓይነት መኪና ይሆናል የተባለ ነው፣ በቀዳዳ ብዛት ወንፊት መስሏል። መሃሉ ያለው ትልቅ ቀዳዳ ከእኔ ሞዞ በጣም ይሰፋል። ወረቀት የሚባል ነገር አብሮት አልመጣም። እኔም "አሉሚኒየም አሉሚኒየም ነው" አልኩና ቅዳሜ ጠዋት ክሪኬን አውጥቼ ጀመርኩ።

ጎማውን ስፈታ ሞዞው ላይ ቡናማ ዝገት ተጋግሯል። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ተውኩት። ስፔሰሩን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን በጎማ መፍቻ እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቅኩ። ቶርክ መፍቻ የሚባለውን፣ ብሎን በስንት ኃይል እንደጠበቀ የሚለካውን ዕቃ ያኔ በስም እንጂ በዓይን አላውቀውም። ሁለት ሰዓት ሳይፈጅብኝ አራቱንም ጨረስኩ። ራቅ ብዬ አየኋት። ውይ! ሌላ መኪና ሆነች። ፎቶ አነሳሁ፣ ለቀበጠው ጓደኛዬ ላክሁለት።

በማግስቱ ፍጥነቴ 110 አካባቢ ሲደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከ110 በታች የለም፣ ከ130 በላይ ቀነስ ይላል። "ባላንስ ይሆናል" አልኩ። አንድ ጎማ ቤት ወስጄ ባላንስ አስደረግኩ፤ ሰዎቹም ጎማውን በአየር መፍቻ ጥርር አድርገው መለሱልኝ። መንቀጥቀጡ ግን አለ። እዚህ ላይ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ። መሪው እየነገረኝ አልሰማሁትም። ሙዚቃውን ከፍ አደረግኩት ብል ይሻላል።

በሦስተኛው ሳምንት ማንሃይም ለክርስትና ተጠራሁ። ኋላው ሻንጣ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭኛለሁ። ከፍራንክፈርት ወጥቼ ኤ5 አውራ ጎዳና ላይ ወደ ዳርምሽታት ስወርድ ከግራ ኋላ "ቷ... ቷ... ቷ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጠር መሰለኝ። ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይፈጥናል። ትንሽ ቆይቶ የመኪናዋ ኋላ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ማለት ጀመረ። ፍሬን አልረገጥኩም፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ ቀስ ብዬ ወደ አደጋ ጊዜ መስመሩ ወጣሁ። ይህን እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። ፍሬን ብረግጥ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር።

ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ ተመልሼ አየሁ። ከአምስቱ ብሎን ሁለቱ የሉም። የቀሩትን ሦስቱን በጣቴ ነካኋቸው፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን በእጄ ዞሩ። ቸርኬው ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ግራጫ ዱቄት ተነስንሷል። አሉሚኒየሙ እየተፈጨ ነበር። ከጎኔ ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ ዜድ4ዋ በነፋሱ ትወዛወዛለች። ከብረት አጥሩ ማዶ ተሻግሬ ቁጭ አልኩና መንገድ ላይ ለተበላሸ መኪና ለሚደርሰው ድርጅት፣ ለአዳክ ደወልኩ። ጀርመኖች በቢጫ መኪና የሚመጡትን እነዚህን ሰዎች "ቢጫ መላእክት" ይሏቸዋል። ያን ቀን ስሙ ገባኝ። ድፎ ዳቦው ክርስትናው ላይ ሳይደርስ ቀረ፤ ከጫነኝ ሰውዬ ጋር ቆርሰን በላነው።

ሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህም ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የጨረሱ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። መኪናዋን ግቢያቸው አስገባኋት። አራቱንም ጎማ አስፈቱኝ። ምንም አልተናገሩም። ስፔሰሩን አንስተው ሞዞው ላይ አንጠለጠሉትና በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሱት። ቀጭ ቀጭ አለ።

"ምን ሰማህ?" አሉኝ።

"ይላወሳል ጋሼ።"

"ቸርኬ በሞዞው ነው መሃሉን የሚያገኘው። ብሎን ሥራው መጫን ነው። አንተ ግን መሃል መፈለጉንም፣ መጫኑንም፣ መሸከሙንም ለብሎን ሰጠኸው። ስንት ደሞዝ ከፈልከው?"

ቀጥሎ አንዱን ብሎን ሰጡኝና "በእጅህ አስገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠር" አሉ። አራት ዙር ተኩል። ከዚያ ይዟል። ለእንደኔ ዓይነት 12 በ1.5 ጥርስ ላለው ብሎን (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ) ቢያንስ ስድስት ተኩል ዙር መግባት አለበት። ለ14 በ1.5 ደግሞ ሰባት ተኩል። ከስፔሰሩ ጋር የመጣው ብሎን ረጅም መስሎኝ ነበር፤ ከፋብሪካው ይረዝማል፣ ግን በ20 ሚሊ አይረዝምም። በአራት ዙር ተኩል ጥርስ ተንጠልጥዬ ነው አውራ ጎዳና ላይ ስበር የከረምኩት።

ሦስተኛው ጥፋቴ ዝገቱ ነው። ስፔሰሩ ዝገት ላይ ሲቀመጥ ልክ አይገጥምም፣ በፀጉር ያህል ያዘነብላል። መንቀጥቀጡ ከዚህና መሃሉን ካለማግኘቱ ነበር። ስትነዱ ደግሞ ዝገቱ ይፈጫል፣ ይረግፋል። በረገፈ ቁጥር ብሎኑ ይላላል። እኔ ከገጠምኩ በኋላ ዳግም አጥብቄ አላውቅም፤ ባላንስ ያደረጉልኝ ሰዎችም ያጠበቁት ያንኑ ዝገት ላይ ነው። የግራ ኋላው ቸርኬ የብሎን ቀዳዳዎቹ እንደ እንቁላል ሞላልለዋል። ተጣለ። አሮጌ ቸርኬ ፈልጌ ገዛሁ፤ ከስፔሰሩ ዋጋ በላይ ነው የወጣብኝ።

ጋሼ "አውልቀህ ተወው" ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን "መስፋቷ ያምርባታል፣ እንደ ሰው ሥራው" አሉኝ። ስለዚህ እንደገና ጀመርን።

በዚህኛው ዙር ከመግዛቴ በፊት ለካሁ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን፣ ከፓራፋንጎው ጫፍ ክር ከነብሎን አንጠልጥለን፣ ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለውን በማስመሪያ ለካን። እናንተም ይህን አድርጉ። ዋጋው አንድ ክር ነው። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ ጎማው ከምን ጋር እንደሚቀራረብ እዩ። ጀርመን ውስጥ ሕጉም አለ፤ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣ መስመር 30 ዲግሪ ወደ ፊትና 50 ዲግሪ ወደ ኋላ ድረስ ጎማው በፓራፋንጎ መሸፈን አለበት። የፋብሪካው 225 ሚሊ ስፋት ያለው ጎማ ስለነበረኝ ቦታ ነበረኝ። መኪናችሁን በአጭር ሞላ ዝቅ ካደረጋችሁ ወይም ሰፊ ጎማ ካላችሁ ግን ባዶ መኪና ላይ የለካችሁት አይበቃም። ሰው አስቀምጣችሁ፣ ሻንጣ ጭናችሁ ለኩ። ጉብታ ላይ ስትወርዱ ጎማው ወደ ላይ እንደሚገባ አትርሱ።

20 ሚሊውን ትቼ 15 መረጥኩ። በዓይን ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሰው በአምስት ሚሊ ሲጨቃጨቅ ስሰማ አሁን ይገርመኛል። ከታወቀ የጀርመን አምራች፣ ለዚህችው መኪና ተብሎ የተሠራ ገዛሁ። የመሃል ቀዳዳው 72.6 ሚሊ ነው፣ ሞዞው ላይ ሲገባ እንደ ቡሽ "ጥፍ" ብሎ ይቀመጣል። በሌላኛው ፊቱ ደግሞ የራሱ ከንፈር አለው፤ ቸርኬው እዚያ ላይ መሃሉን ያገኛል። ይህ ከንፈር የሌለው ስፔሰር ለመንገድ መኪና አልመክርም፣ ጓደኛ በነፃ ቢሰጣችሁም። ብሎኖቹ ከፋብሪካው በ15 ሚሊ ልክ ይረዝማሉ። የብሎኑ ራስ ከስሩ ሾጣጣ ነው፤ የእኔ ቸርኬ የሚፈልገው ሾጣጣ ስለሆነ። አንዳንድ መኪና ክብ ራስ ይፈልጋል። ሁለቱን መቀላቀል አንድ ጥፍር በሚያህል ቦታ ብቻ እንዲነካ ያደርገዋል። አሮጌውን ብሎናችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ።

ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግነው። ግማሽ ቀን ሄደ። ጋሼ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው "እዚያ ጋ ቀርቷል፣ እዚያ ጋ" ይላሉ። ቸርኬውን ከጀርባው ጠረግን። ብሎኑን ቅባት እንዳትቀቡት። የተቀባ ብሎን በዚያው ኃይል ከሚገባው በላይ ይጠብቃል፣ ይሳባል። ከዚያ ሁሉንም በእጅ አስገባን፣ ዙሩን ቆጠርን፣ በኮከብ ቅርፅ እያቀያየርን አጠበቅን፤ መጨረሻውን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በቶርክ መፍቻ 120 ኒውተን ሜትር ላይ "ቀጭ" እስኪል ድረስ ጨረስን። ቁጥሩን ከእኔ አትውሰዱ። የእናንተን መኪና መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሜ በቶርክ መፍቻው አንድ በአንድ ነካኋቸው። ሁለቱ ትንሽ ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ደገምኩ፣ አንዱም አልተነቃነቀም። አሁንም ጎማ ቤት ስሄድ መፍቻዬን ይዤ ነው የምሄደው። "በአየሩ አታጥብቅ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ።

እንደ ቶዮታ 86 ያለ በዳዶ የሚታሰር መኪና ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካና አረብ አገር ያላችሁ፣ የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። ከሞዞው ላይ ቋሚ ብሎን ወጥቷል፣ ዳዶው ከውጭ ነው። ቀጭን ስፔሰር ስታስገቡ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 5 ሚሊ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ዙሩን ቁጠሩ። ወፍራሙ ስፔሰር ደግሞ የራሱ ብሎኖች አሉት፣ እሱ ለብቻው ሞዞው ላይ ይታሰራል፣ ቸርኬው በእሱ ላይ። እዚያ ላይ የፋብሪካው ብሎን ጫፍ ከስፔሰሩ አልፎ ወጥቶ ቸርኬውን እንዳይገፋው ተመልከቱ። ከገፋው ቸርኬው ተቀመጠ እንጂ አልገጠመም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ጀርመን ያላችሁ እዚህ ጋ አንብቡ። ስፔሰር ስትገጥሙ አብዛኛውን ጊዜ "ታይለጉታኽተን" የሚባለው የአምራቹ የምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል። ያንን ይዛችሁ ምርመራ ጣቢያ ሄዳችሁ ማስፈተሽና ማስመዝገብ ግድ ነው። ያለዚያ መኪናው መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ያጣል። ለደህንነት አስጊ ነው ከተባለ 90 ዩሮና ፍሌንስቡርግ ባለው የአሽከርካሪዎች ጥፋት መዝገብ አንድ የቅጣት ነጥብ አለ። አደጋ ብታደርሱ ከኢንሹራንስ ጋር የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ስቅለት በጀርመንኛ "ካርፍራይታግ" ነው፤ ካር ማለት መኪና ነው ብለው የመኪና አሳማሪዎች ቀን አድርገውታል። ፖሊስም ያንን ቀን ጠብቆ ፍተሻ ያቆማል። እነሱ ሲጾሙ አላየሁም፣ ሲቀጡ ግን አይቻለሁ።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ቁጥብ። አንዱን የፊት ጎማና በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስወጣኝ። መኪናዋ ተጣመመች። መሪውን እስከ ጥግ አዙር አለኝ፣ እጁን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አስገብቶ ዳሰሰ። ከዚያ ባትሪ አብርቶ የስፔሰሩን ቁጥር ፈለገ። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ነው የተቀረጸው፣ ከተገጠመ በኋላ አይታይም ማለት ይቻላል። እኔ ከመግጠሜ በፊት በስልኬ አንስቼው ነበር። ፎቶውን ሳሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ማህተሙን መታ።

አነዳዷ ተለወጠ ወይ ትሉኛላችሁ። ትንሽ። ጥምዝ ላይ ጠበቅ ብላ ትቆማለች። በአንጻሩ ከባድ መኪና በጎደጎደው መስመር ላይ መሪው ቦዩን መከተል ይወዳል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዝናብ ሲሆን ጭቃውን በሩ ላይ ትረጨዋለች። ሞዞው የሚዞርበት ኩሽኔታም ከፋብሪካው የበለጠ እንደሚጫነው አውቃለሁ፤ ማጉረምረም ሲጀምር ማንን እንደምወቅስ ተዘጋጅቻለሁ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጀርመኖች የክረምት ጎማ ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ ይላሉ። ለክረምት ጎማዬ ስፔሰር አልፈልግም፣ ጨው ይበላዋል። ስለዚህ በጋ ረጃጅሞቹ ብሎኖች፣ ክረምት አጫጭሮቹ የፋብሪካው ብሎኖች ናቸው የሚታሰሩት። ሁለት ሣጥን ገዛሁ። በአማርኛ "የበጋ"፣ "የክረምት" ብዬ ጻፍኩባቸው። ኦክቶበር ላይ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፣ "ላግዝህ" አለ። እኔ የፊቱን ሳስር እሱ የኋላውን ያዘ።

ጨርሰን ከክሪክ ከማውረዴ በፊት የኋላውን ጎማ በእጄ አዞርኩት። "ክርርር" አለና ተያዘ። ደሜ ቀዘቀዘ። በዚህች መኪና የእጅ ፍሬኑ የኋላው ዲስክ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ብሎን በዛ ብሎ ሲገባ ሄዶ እሱን ይነካዋል። ትንሽ ነድቼ ቢሆን ኖሮ የፍሬኑን ዕቃ ያወጣው ነበር። ስፔሰሩን አውልቃችሁ ረጅሙን ብሎን መመለስ፣ አጭር ብሎን በስፔሰር ላይ ከማሰር አያንስም።

"የትኛውን ሣጥን ነው የከፈትከው?" አልኩት።

"የበጋውን ነዋ! ጥቅምት አይደል እንዴ?"

ምን እላለሁ? ልክ ነው። ዝናቡ ካባራ፣ አደይ አበባው ካለፈ በኋላ ያለው ወር ለእሱ በጋ ነው። ክረምት የእሱ ሰኔና ሐምሌ ነው፣ የእኔ የበጋ ብሎን ወራት። እኔ ነኝ በሁለት አገር ሰማይ መካከል ቆሜ ሣጥን ላይ የጻፍኩት። እስከ ጨለማ ድረስ አሥሩንም ፈታን፣ አጫጭሮቹን መልሰን አሰርን፣ ጎማውን በእጅ አዞርን። ምንም አላለም።

አሁን ሣጥኖቹ ላይ "ረጅም፣ ከስፔሰር ጋር" እና "አጭር፣ ያለ ስፔሰር" ተብሎ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ሣጥን ክዳን ላይ ደግሞ ወንድሜ አንዳንድ ብሎን በሽቦ አስሮበታል።